ምንም የማይታይበት ፎቶ

ምንም የማይታይበት ፎቶ አለኝ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። በቀደም ባለቤቴ ቤት ሲያጸዳ አግኝቶት «ይሄ ይጣል?» ቢለኝ እንደ እብድ ጮህኩበት። ምን ያድርግ፣ ፉሪ ተራራ መሆኑን በምን ይወቀው።

ልጅ እያለሁ ለቡ ገና ከተማ አልሆነም ነበር። ከጓሯችን ጀምሮ የሽምብራ ማሳ ነው፤ እሸቱን እየሸመጠጥን ስንባረር ነው ያደግነው። አባዬ ላፍቶ መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበረው። በኛ ዘመን ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ፎቶ የተነሳ የሰፈር ልጅ ሁሉ እሱ ፊት ተቀምጦ «ቀና በል፣ አትሳቅ» ተብሏል። የምንቀመጥባት በርጩማ ወለሉ ላይ በሚስማር ተመትታለች። እሱ የሚቆምበትም ቦታ በቀይ ቀለም ተሰምሯል፤ ያን መስመር የረገጠ ልጅ ወዮለት። አባዬ የጋሞ ደጋ ሰው ስለሆነ ሥርዓት የሚወድ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ መቼም ታስታውሳላችሁ፣ ፊልም ካላለቀ አይታጠብም። ደንበኛ ደግሞ «ፎቶዬ ደረሰ ወይ» እያለ ይመላለሳል። አባዬ መጨረሻ ላይ የምትተርፈውን ፎቶ በማንም ላይ አያባክናትም፤ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ፉሪን ያነሳባታል። ተራራ ላይ የተወለደ ሰው ሜዳ ላይ ሲኖር የሚናፍቀው ነገር አያጣም። እኔን ይቀሰቅሰኛል። ኮቱን ደርቤ፣ ጤዛው ካልሲዬን እያበሰበሰው፣ እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ጢስ እየሸተተኝ ማሳው ዳር እንቆማለን። ከዚያ ጨዋታችን ይጀመራል። ፀሐይዋ ከኋላችን ስትወጣ መጀመሪያ የምታርፈው የተራራው አናት ላይ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለች ትወርዳለች። አባዬ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ «ጸጊ፣ የት ደረሰች?» ይለኛል። «ግንባሩ ጋ።» «አሁንስ?» «አንገቱ ጋ።» ደረቱ ጋ ስል ቀጭ ያደርጋታል። ያለኔ ተራራው የማይነሳ ይመስለኝ ነበር፤ ኩራቴ ለጉድ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት ስንወጣ አገሩ ሁሉ ጉም ነው። ፉሪ የለም። የጎረቤት አጥር እንኳን በግድ ነው የሚታየው። አባዬ ካሜራውን አንስቶ «የት ደረሰች?» አለኝ። የቀለደ መሰለኝ፣ ቀልድ ይወዳላ። እኔም ሳቄን አፍኜ «ግንባሩ ጋ» አልኩ። «አሁንስ?» «አንገቱ ጋ።» «አሁንስ?» «ደረቱ ጋ።» ቀጭ አደረጋት። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ጉሙ እንዳዞረ፣ «ዛሬስ አምሮበታል» አለ።

እስኪስቅ ጠበቅኩ። አልሳቀም። በርጩማዋ ለምን በሚስማር እንደተመታች፣ ቀዩ መስመር ለምን እንደተሰመረ፣ እኔስ ለምን ከእንቅልፌ እንደምቀሰቀስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። «አባዬ፣ ጉም እኮ ነው። ምንም አይታይም» አልኩት።

«ለኔ ከዓምና ጀምሮ ጠዋቱ ሁሉ እንዲህ ነው» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የጎረቤታችንን የጋሽ ታደሰን ልጅ ሠርግ ሊያነሳ ቃል ገብቷል። ፎቶ ቤት ውስጥ ርቀቱን አንዴ ለክቶ ጨርሷል፤ ሙሽራ ግን በሚስማር አትመታም። እኔ እያለቀስኩ «አጠገብህ ቆሜ እነግርሃለሁ፣ የት እንዳለች እነግርሃለሁ» አልኩት። «ተራራ ቢበላሽ ነገ ይነሳል። የሰው ሠርግ አይደገምም» አለና ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀው። ከዚያ እጄን ያዘ። ያን ጠዋት እየመራሁት ነበር ጋሽ ታደሰ ቤት የሄድነው። ጋሽ ታደሰን ከደጃፉ ሳይገባ «ዓይኔ እምቢ ብሎኛል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለው። ጋሽ ታደሰ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ።

ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አሉ። እማዬ ፊቴ ያለ ዕቃ ሲጠፋኝ «ካላዩበት ዓይን ግንባር ነው» እያለች የምትቆጣ ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ይህቺ ተረት እኛ ቤት ተነግራ አታውቅም። ፎቶ ቤቱም ሳይቆይ ተዘጋ። የመጨረሻው ፊልም ሲታጠብ ነጯን ፎቶ አባዬ እንድጥላት አልፈቀደም። «ስትነግሪኝ አይቼዋለሁ» አለኝ።

አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬም ከኛ ጋር ነው። ስልኬ ስንት ሺህ ፎቶ እንደሚይዝ እንጃ፤ የሚያልቅ ፊልም የለ፣ የሚታጠብ የለ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት፣ የታክሲ ሰልፍ ከመያዜ በፊት፣ እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ያንኑ ጨዋታ እንጫወታለን። አንድ ፎቶ ብቻ ነው የማነሳው። ፊታችን ያለው ሕንፃ ሲጀመር የተራራውን ግርጌ ወሰደብን፤ ከዚያ ሆዱን። አናቱ እያለ ምን ገዶኝ ብዬ ነበር።

በቅርቡ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከርሜ መጣሁ። በነጋታው በረንዳው ላይ ስወጣ ሲሚንቶና የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው። ፉሪ የለም። አባዬ ከኋላዬ «ጸጊ፣ የት ደረሰች?» አለ።

«ግንባሩ ጋ» አልኩ።

«አሁንስ?»

«አንገቱ ጋ።»

«አሁንስ?»

«ደረቱ ጋ» ስል እንባዬ ቀደመኝ።

አባዬ እጁን ዘርግቶ ቀሚሴን ያዘ። «አንቺ ሳትኖሪ የሕንፃው ሲሚንቶ ሚክሰር ከላያችን ሲጮህ ነው የከረመው» አለኝ። «ግድ የለም። አንሺው።»

አነሳሁት።