በሁለት ጾም የመጣች ድመት

ድመቷን ያመጣችልኝ መዝገብ ቤት አብራኝ የምትሠራ፣ ከጨፋ ሮቢት የምትመላለስ ልጅ ናት። አንድ ሐሙስ ጠዋት በሻሽ የታሰረ ካርቶን ይዛ ገባችና ጠረጴዛዬ ላይ፣ ፋይሎቹ መሐል ቁጭ አደረገችው። «እንኪ፤ ጠዋት ማታ አይጥ አይጥ ስትዪ ከምሰማሽ» አለችኝ። ከፍቼ ባይ ከጭብጥ የማትበልጥ አመድማ ነገር ሽቅብ አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ይቺ ናት አይጥ የምትይዝልኝ? የቤቴ አይጦች እሷን ይይዟት እንደሆነ እንጂ። አልፈልግም እንዳልል ልጅቱ ያን ሁሉ መንገድ ታቅፋት መጥታለች፤ እሺ እንዳልል በዚህ ዕድሜዬ ድመት አሳድጌ አላውቅም። ግራ እንደገባኝ ካርቶኑን ይዤ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

ድመት አሳድጌ አላውቅም ስል የሰፈሬ ሰው ይስቅብኛል። ከሚሴ ከባሌ ጋር ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ጓዳዬ አይጥ ደርሶ አያውቅም ነበር። ድመት ነበረቻ፤ የኔ አልነበረችም እንጂ። የጎረቤቴ ነበረች። ጎረቤቴ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሙስሊም ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። በሁለታችን አጥር መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ክፍት ነበር። በዚያ እሳቸው ይመጣሉ፣ እኔ እሄዳለሁ፣ ያቺ አሮጊት ድመታቸውም አጥር መዝለል ቢያቅታት በዚያው ገብታ የኔን ጓዳ ጠብቃ ትወጣለች። ባሌ ያረፈ ጊዜ እትዬ አርባ ቀን ሙሉ በዚያ ክፍት እየገቡ ነው አብረውኝ የተቀመጡ።

ይህን ክፍት የዘጋሁት እኔ ነኝ። በመስከረም ዶሮዎቻቸው ገብተው የጎመን መደቤን ጫሩት፤ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርገው አበጠሩት። እኔ ደግሞ ስቆጣ አፌ ነው ከኔ ቀድሞ የሚሮጥ። «ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ዶሮም ሰውም እንዳይደርስብኝ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዶሮስ እሺ፣ ሰውን ምን ቁርጥ አድርጎኝ እንደጨመርኩት ዛሬም አላውቅም። እትዬ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ዶሮዎቻቸውን እሽ እያሉ ነድተው ሄዱ። መልስ ቢሰጡኝ ኖሮ ይበርድልኝ ነበር፤ ዝምታቸው ይብስ አነደደኝና ቆርቆሮ ፈልጌ ክፍቱን በገዛ እጄ በአራት ምስማር መታሁት።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር። መንገድ ላይ ስንገናኝ በኦሮምኛቸው «አካም» ይሉኛል፣ «ደህና» እላለሁ፣ አለቀ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ስንት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመልሻለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ «ምን ፈልገሽ መጣሽ?» ያሉኝ እንደሆነ መልስ የለኝም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። የሩቅ ዘመድ እንኳ የለኝ፤ ያለችኝን ጎረቤት በቆርቆሮ ጋረድኳት።

አይጡ የገባው ወር ሳይሞላ ነው። አቤት ሞኝነቴ፣ ከቆርቆሮው ጋር ማገናኘት እንኳ አልመጣልኝም። የዘንድሮ አይጥ ጠግቧል እያልኩ መርዝ ገዝቼ ከጤፉ ጆንያ ሥር በተንሁ። ሁለቱን ሞተው አገኘኋቸው፤ የቀሩት የት ሄደው እንደሞቱ እግዜር ይወቅ። ጥቂት ቆይተው ሌሎች መጡ። ድመቷ የመጣች ዕለት ግን የተረፈውን መርዝ ጠራርጌ፣ ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት። ትልሰዋለች ብዬ ፈራሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡ። ከተማው ቀኑን ሙሉ አፉን ዘግቶ ይውላል። ክርስቲያኑ ሥጋና ወተት ትቷል፣ ሙስሊሙ ውኃም አይቀምስም። ከኛ ሰፈር የማትጾም ድመቴ ብቻ ናት። ሽሮ አቀረብኩላት፣ አሽትታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ምስር ወጥ፣ እንቢ። እንጀራ በውኃ አርሼ ብሰጣት ረግጣው አለፈች። በሦስተኛው ቀን ጎኗ ገባ፣ አጥንቷ ተቆጠረ። ጉድ ፈላ፤ ሰው ያመነኝን ነፍስ በቤቴ በረኀብ ልገድል ነው አልኩና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ በሁዳዴ ቤት ውስጥ ወተት ማስገባት ኃጢአት ነው ወይ?»

«ልትጠጪው ነው?»

«አበስኩ ገበርኩ፤ ለድመት ነው እንጂ።»

ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። «ልጄ፣ እሷ ክርስትና አልተነሣች፣ ምን ጾም አለባት?» አሉኝ።

ወተት ገዛሁ። ኩባያውን ከጾም ዕቃ ለይቼ፣ እንዳይነካካ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አኑሬ፣ በማንኪያ አጠጣኋት። እልል ብላ ጠጣች። በማግስቱ ተቅማጥ ያዛትና እኔና ቤቴ አበሳችንን አየን። የሥራ ባልደረባዬን ብጠይቃት ተቆጣችኝ። «ማን የላም ወተት ስጫት አለሽ? ሥጋ ቀቅለሽ ስጫት» አለች። ድመቷን ስታመጣ አብራ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ሥጋ ከየት? የክርስቲያን ልኳንዳ እስከ ፋሲካ ዝግ ነው። ያለው የሙስሊም ልኳንዳ ነው፤ እኔ ደግሞ የሙስሊም ሥጋ ቀምሼ አላውቅም፣ እትዬም የኛን። ሃያ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ የምንላላከው ዶሮ ከነነፍሱ ነበር፤ የተላከለት በራሱ ሰው ያሳርደዋል። ታዲያ ለድመት ማን ያርድላት? የኔ ናትና ክርስቲያን ናት ልበል? ያሳደጓት ጨፋ ሮቢት ሙስሊም ቤት ነው፤ ሙስሊም ናት ልበል? ይህን የማስበው እኔ ደግሞ መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰውን ፋይል በፊደል ተራ የማስተካክል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ግን በምን ተራ ይገባል?

በመጨረሻ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ከዓስር ሶላት በኋላ ነው፤ ለማፍጠሪያ የሚገዛው ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ያውቀኛል። ባለልኳንዳው ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሩብ ኪሎ» አልኩ። «ለድመት ነው።»

«ለድመት» አለ።

«አዎ፣ ለድመት።»

«እሺ፤ አጥንትስ ልጨምርላት፣ ለድመትሽ?»

ሰልፉ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሳቁን መዋጡ ነው። ዞር ስል ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት በማዶ ቆማ ታየኛለች። ላብ አጠመቀኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ ከበውኝ «ድመትሽስ እንዴት ናት? ጾሙን ያዘችልሽ?» ይሉኝ ጀመር። ምዬ ተገዝቼ ማንም አላመነኝም። ድመቷን ታቅፌ መጥቼ ላሳያቸው ሁሉ አስቤ ነበር።

ድመቷ ሁለት ቀን ሥጋውን በላችና በሦስተኛው ተወችው። ይኸው ደግሞ። ያን ሁሉ ውርደት የተሸከምኩበትን ሥጋ አየት አድርጋ ተኛች። ግን አልከሳችም፤ እንዲያውም ወፈረች። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ትጠፋለች፣ አንድ ሰዓት ቆይታ ሆዷን ነፍታ ትመጣለች። አቅፌ ሳሸታት ሾርባ ሾርባ ትላለች፤ ጀርባዋ ላይ ደግሞ ጠጉሯ ተልጦ ቀይ መስመር ወጥቷል። ማን ነው የሚያበላት? ማንስ ነው የሚመታት? ሰኞ ዕለት ሄዳ ባዶ ሆዷን እያለቀሰች ተመለሰች። ሰኞ ምን አለ? ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ እትዬ እዚያ ያገባች ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱበት ቀን ነው። እዚህ ስደርስ እትዬን ጠረጠርኩ፤ ግን ለማመን አልደፈርኩም።

ማክሰኞ ሲመሻሽ ተከተልኳት። ቀጥ ብላ ወደ ቆርቆሮው ሄደች፣ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ ጀርባዋን በቆርቆሮው ጠርዝ እየፋቀች በሥሩ ሾለከች። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ተንበርክኬ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። የመግሪብ አዛን ተሰማ። ከንጋት ጀምሮ ውኃ ያልነካው የእትዬ ድምፅ ደርቋል።

«ኮቱ፣ አዱሬ፣ ኮቱ» ሲሉ ሰማሁ። በኦሮምኛ ነይ ድመቴ፣ ነይ ማለታቸው ነው። ሳህን መሬት ላይ ተቀመጠ። «ዶሮም ሰውም እንዳይደርስብኝ ነው ያለችው፤ ድመት አላለችም። ብዪ።»

ጆሮዬን ይበልጥ ለጠፍኩ። ቃሌን አልረሱትም፤ ከነቃሌ ድመቴን ያበላሉ። እሳቸው ደግሞ ቀጠሉ። «ያቺ የኔዋ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ኦና ሆኖብኝ ነበር። አፏ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም፤ ይኸው አንቺን ላከችልኝ።»

ሞተች? መቼ? ላከችልኝ? ማን፣ እኔ? የሰማሁት ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ብድግ ብዬ በመንገዱ ዞሬ ሄድኩና አምስት ወር የፈራሁትን በር አንኳኳሁ።

እትዬ ከፈቱልኝ። በእጃቸው ተምር ይዘዋል፣ ገና አልቀመሱትም። «በበሩ መጣሽ?» አሉኝ። 

«እትዬ፣ ድመትዎ ሞተች እንዴ?»

«ሁለት ወር አለፋት። አንድ የፈዘዘ አይጥ ይዛ መጣችና እፊቴ በላችው፤ በማግስቱ አረፋ ደፍቃ ሞተች። መርዝ የበላ ነበር መሰለኝ።» ድመቷን ዝቅ ብለው አዩ። «ወላሂ፣ ይቺን ስትልኪልኝ ደስ ነው ያለኝ። አልረሳችኝም አልኩ።»

ክው አልኩ። የጤፉ ጆንያ፣ የበተንሁት መርዝ፣ የት ሄደው እንደሞቱ ያላወቅኋቸው አይጦች፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። ዝም ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? አምስት ወር የተመኘሁት ዕርቅ ይኸው በር ከፍቶ ቆሟል። አዎ፣ ላክሁልዎ ማለት ብቻ ነው የሚፈለግብኝ። ልል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልል ነበር። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«መርዙ የኔ ነው፣ እትዬ። ድመቷንም አልላክሁም፤ ራሷ ናት የመጣች።»

በእጃቸው የነበረውን ተምር መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ቀኑን ሙሉ የጾሙ ሴት ናቸው፤ ያቺን ተምር አሳጣኋቸው። ድመቷ ምንም ሳይመስላት ሾርባዋን ትልሳለች።

«መርዙ እስካሁን አለ?» አሉኝ።

«የለም፤ ቀብሬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ይቺ የመጣች ዕለት።»

ወደ ድመቷ ዞሩ። «ለሷ አሰብሽላት» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ መሬት አየሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ድምፄ ይውጣ አይውጣ ግን አላውቅም። እሳቸውም ሰማሁ አላሉኝ። ድመቷን አነሡና ጀርባዋን ወደኔ አዞሩት።

«ተልጣለች፣ አየሽ? ቆርቆሮሽ ነው። ሂጂ አንሺው» አሉኝና በሩን ቀስ ብለው ዘጉ።

መዶሻ ይዤ ሄድኩ። ሦስቱ ምስማሮች ወጡ፤ አራተኛውን ያን ጊዜ በንዴት አጣምሜ መትቼው ኖሮ እንቢ አለኝ። ቆርቆሮውን በሱ ላይ አዙሬ ከአጥሩ ጋር አስደገፍኩት። ክፍቱ ተከፈተ። በማዶ ማንም አልነበረም።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነው። ድመቷ ማታ እዚያ ትበላለች፣ እዚህ ታድራለች፤ የማን እንደሆነች አልተነጋገርንም። እትዬ መንገድ ላይ «አካም» ይሉኛል፣ «ደህና» እላለሁ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ልጠይቅ እልና እተወዋለሁ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ግን አንዲት ቀይ ዶሮ በክፍቱ ገብታ፣ አዲስ የተከልኩትን ጎመን ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጋ ትጭራለች። ከወዲያ እትዬ ልብስ እያሰጡ ነው፤ ያያሉ። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁትና ዶሮዋ እስክትጠግብ ደጄ ላይ ተቀመጥኩ።