ማን አየኝ ያለችው ልጅ

መጀመሪያ ግራ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። ቡታጅራ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ እየተማርን ነበር። እስክሪብቶዬ ወደቀ። ከዚያ እኔ ወደቅሁ። ስነቃ አፍንጫዬ ሥር የክብሪት ጭስ ሸተተኝ፤ ጓደኞቼ እየጫሩ ያሸትቱኛል። ዩኒፎርሜ ርሷል። አንደበቴ ሲፈታ «ማን አየኝ?» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አይቶኛል፣ የኔ ነገር!

እማዬ «ብርድ ነው» አለች። ገበያ መሃል ስደግመው ግን አክስቴ ዘንድ ወልቂጤ ወስዳ አሳከመችኝ። ሐኪሙ ሁሉን ጠይቆ ሲያበቃ «ኢፕለፕሲ ነው። በንክኪ አይተላለፍም። መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቆሚ» አለና ፌኖባርቢታል አዘዘልኝ። መድኃኒቱን ዋጥኩ። ትምህርት ቤት ከምመለስ ግን ሞቼ ልገኝ አልኩ። እማዬም አልገፋችኝም፤ ሰው እንዳያየኝ እሷም ትፈልግ ነበር።

እዚያው ወልቂጤ ሳለሁ አክስቴ መናኸሪያ ከመጽሐፍ አዟሪ አንድ የወጣቶች ልብ ወለድ ገዛችልኝ። ሽፋኑ አምሯት እንጂ ስለ ምን እንደሆነም አላወቀች። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ትወድቃለች። ክብሪት ይጭሩባታል። ዓይኗን ገልጣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ማን አየኝ?» መጽሐፉን ዘጋሁት። ወይ ጉድ! ለደራሲዋ ማን ነገራት? እንደዚያ የምል እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። አልቅሼ ሲወጣልኝ እንደገና ከፈትኩት።

ቡታጅራ ስመለስ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የልብስ ስፌት ማሽኗን አቁማ ሰማችኝ። የልጅቷ እናት ከቤት እንዳትወጣ ስትከለክላት «ምን ዓይነቷ ጨካኝ ናት!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ እኔን አየት አድርጋ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። በማግስቱ ዩኒፎርሜን ተኩሳ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ትምህርቴን ጨርሼ ዛሬ ጉብሬ ባለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ መድኃኒቴን በሰዓቱ ስለምወስድ መውደቁም እየራቀ እየራቀ ሄዷል። እናንተም እንደኔ የምትታመሙ፣ ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። አስታማሚዎች፣ ክብሪቱን ተዉት፤ በጎን አስተኙን፣ አፋችን ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ መንቀጥቀጡ አልቆም ካለ ሐኪም ቤት አድርሱን። ሐኪሜን፣ አክስቴን፣ አይቻት የማላውቃትን ደራሲ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለፈው ለዕረፍት መጥቼ እማዬ ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኞች ፊት ጣለኝ። ስነቃ በጎኔ ተኝቻለሁ፣ ራሴ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አለ፣ የክብሪት ሽታ የለም። ልማድ ነውና «ማን አየኝ?» አልኩ።

«ደንበኛው ሁሉ አየሽ» አለችኝ፣ አፌን እየጠረገች። «ደሞ ቢያይስ? ልጄ አይደለሽ!»