በሽርጡ ኪስ የምትገኘው ጥቅል

መጽሐፍ ጠራዡ ግትር ሰው ነው። «ሐኪም ቤት ሂድ» ሲሉት «ሙጫው ይደርቅብኛል» ይላል። «አመመኝ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። መድኃኒቱን እየዋጠም ደም ግፊቱ አልወርድ አለ፤ ጨጓራውም ሦስት ወር ሙሉ አቃጠለው። ሙያውን ያስተማረችው እናቱ በዚሁ በደም ግፊት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ መርፌዋን እንደያዘች ድፍት ብላ ነው የቀረችው። ቤተሰቡም የሚፈራው ይህንኑ ነው።

እሱ ግን ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። ራሱን በፈለጠው ቁጥር የማስታገሻ ክኒን ከየትም ይመጣል፤ አንዳንዴ ከሻይ ብርጭቆው ሥር፣ አንዳንዴ ከመነጽሩ ማኅደር፣ አንዳንዴም በወረቀት ተጠቅልሎ ከሽርጡ ኪስ። የወረቀቱ አጣጠፍ የእናቱ ነው፤ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ጫፉ በጫፉ ውስጥ ይሸጎጣል። ከእሷ ሌላ እንዲያ የሚያጥፍ ሰው አላየም። ሁሉንም የምትተውለው እሷ ናት ብሎ አመነ። ፈራ፤ ደስም አለው። እየዋጠ ዝም አለ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግፊቱን የምትከታተለው የጤና ጣቢያ ነርስ ቤት ድረስ መጣች። እሱን፣ ሚስቱንና ሴት ልጁን በሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ጋሼ ብቻቸውን አይድኑም» አለች። «ጨዉንም ጭንቀቱንም አብራችሁ ነው የምትቀንሱት፤ ግፊታቸውንም በዚህ በማስቀምጥላችሁ መለኪያ ትለካላችሁ። አሁን ከታዘዘላቸው መድኃኒት ሌላ የምትሰጧቸውን ሁሉ አውጡ። ቁጣ የለም።»

ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ክኒን አወጣች። «ሲያቃስት አላስችል ብሎኝ ነው። በእጄ ብሰጠው አይወስድማ! ከብርጭቆው ሥር አደርግለታለሁ።»

«እኔም በመነጽሩ ማኅደር…» አለች ልጁ። እናትና ልጅ በድንጋጤ ተያዩ።

«ጨጓራቸውን የሚልጠው ይኸው ነው እኮ!» አለች ነርሷ። « ግፊቱንም ይሰቅለዋል።»

ጠራዡ አንዳች ነገር የተቀማ ያህል ከፋው። ከሽርጡ ኪስ ጥቅሏን አወጣ። «ይቺስ የማናችሁ ናት?»

«ሽርጥህን ነክቼ አላውቅም» አለች ሚስቱ። ልጁም ራሷን ነቀነቀች። ማንም ሳይነካው የመጽሐፍ መጭመቂያው ሲጥ አለ። ነርሷ ጥቅሏን ልትቀበል የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

እሱ ጥቅሏን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወደ እናቱ ባዶ በርጩማ ዞረ። «እማ፣ በቃ ከእንግዲህ አትስጪኝ። ይገድለኛል አሉ።»

ማንም አልሳቀም። ሚስቱ ክንዱን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

በማግስቱ እየሰፋ ሳለ ራሱን ፈለጠው። እጁ በልማድ ኪሱ ገባ። ሌላ ጥቅል አለች፤ አጣጠፏም ያው ነው። ፈታት። ውስጧ ባዶ ነው።

ወረቀቷን ይዞ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ መርፌውን አስቀምጦ ሚስቱን ጠራት።

«አመመኝ» አላት። «ነይማ ግፊቴን ለኪኝ።»