የእትዬ ንስር ቆጠራ

በቤተ ሙከራው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው አለ ብላችሁ አትልፉ፤ ሁሉም እትዬ ንስር ነው የሚላት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ፣ ስላይድ በሚሉት ቀጭን መስተዋት ላይ ከተቀባ ደም ውስጥ የወባ ተውሳክ ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት። የዛሬውን አለቃዋን፣ ዶክተሩን፣ ተማሪ ሳለ ደም መቀባት ያስተማረችውም እሷው ናት። "ግማሹን ደም ሸሚዙ ላይ ነበር የሚቀባው" እያለች እስከ ዛሬ ታሾፍበታለች።

ዶክተሩ ጭማቂ ቤቶች የሚጥሉትን የአቮካዶ ፍሬ እያስለቀመ፣ የወባ መድኃኒት ይወጣው እንደሆነ መፈተሽ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። የቤተ ሙከራው ፈጪ ፍሬውን በምድጃ አድርቆ ይፈጫል። ዶክተሩ ዱቄቱን በአልኮል ዘፍዝፎ ያጣራል። ከየዙሩ የተጣራውን፣ አንዱን ዙር ለአንድ ሳጥን በተራ እየሆነ፣ ወባ የያዛቸው አይጦች አምስት አምስት ሆነው በየሳጥናቸው ይጠጡታል። ከዚያ እትዬ ንስር የአይጦቹን ደም ትቆጥራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ታዲያ የቆጠረችው ተውሳክ በተውሳክ ነበር፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአራተኛው ሳጥን ደም ባዶ ሆኖ ታያት። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደገመችው። ባዶ! ወረቀቷን ይዛ ወደ ዶክተሩ በረረች።

ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ፊቱ አልፈታ አለ። "እትዬ፣ አምስቱም ሳጥን የጠጣው ያንኑ ፍሬ ነው፤ ስድስተኛው ውሃ ብቻ ነው። አራቱ ምንም ሳይሻላቸው አንዱ ብቻውን እንዴት ይድናል? ዓይንሽ ደክሟል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ብትሆኚ ይሻላል፤ እዚያ አረፍ ትያለሽ።"

አረፍ! ሌላ ሰው ቢላት ስቃ ባለፈችው፤ ከገዛ ተማሪዋ አፍ ሲወጣ ግን አንጀቷን አቃጠላት። ደግሞም፣ ምን ይደበቃል፣ ፈራች። እውነት ዓይኔ ከድቶኝ ቢሆንስ? ያለ ማይክሮስኮፑ ወንበር እኮ ሌላ ሥራ አታውቅም። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እልኋ ከፍርሃቷ በለጠ።

"ስማኝ" አለችው። "የሠላሳውንም አይጥ ደም አንተው ራስህ እንደገና ውሰድ። የሳጥኑን ቁጥር በፕላስተር ሸፍንና ስላይዱን ሁሉ በውዝልኝ። ከተሳሳትኩ ወር አልጠብቅም፤ ያኔውኑ ዕቃ ቤት እገባልሃለሁ።"

ሁለት ቀን ቆጠረች። ምሳዋን ቆማ በላች። ፈጪው በበሩ ሲያልፍ "እትዬ፣ ተውሳኮቹን በስማቸው መጥራት ጀመርሽ ወይ?" ቢላት ቀና እንኳ አላለችም። ቀልድ ሳትመልስ ቀርታ የማታውቅ ሴት ናትና፣ ነገሩ የምር መሆኑ ያኔ ገባው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሃያ አምስቱን በግራ፣ አምስቱን በቀኝ ደርድራ "ንጹሖቹ እነዚህ ናቸው" አለች። ዶክተሩ የመጀመሪያውን ፕላስተር ላጠ። አራት። ሁለተኛውንም ላጠ። አራት። አምስቱም አራት!

"ጉድ እኮ ነው!" አለ ዶክተሩ። "አራተኛው ዙር ምን የተለየ ነገር ነበረው?"

በሩ ላይ ቆሞ ያይ የነበረው ፈጪ ገባ አለ። "ያን ሳምንት መብራት ጠፍቶ ምድጃው ቆመብኝ። ፍሬው እንዳይሻግት ብዬ ኮሪደሩ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት። ትቆጣኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ዶክተሩ ራሱን ያዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን በገዛ ምድጃው ሲያቃጥለው ከርሟል ማለት ነው። የቆጠራ ስህተት ብሎ ሊጥለው የነበረው ደግሞ ይኸው የደከመለት ነገር ነበር። "እትዬ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ" አላት።

"ይቅርታው ይቆየን። መጀመሪያ ና ተቀመጥ!" ትከሻውን ይዛ ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው። ከንጹሖቹ አንዱን ስላይድ አስገባችለት፤ አጎንብሶ ማየት ጀመረ።

"አገኘህ?"

"የለም።"

"በደንብ ፈልግ እንጂ!"

"የለም፣ እትዬ! አንድም የለም!" ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከአይጥ እስከ ሰው ገና ሩቅ መንገድ እንዳለ ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ፤ ቢሆንም የእትዬ ንስር ደስታ ለሁለት የሚተርፍ ነበር። እሷም በመዳፏ ዓይኗን ጠረገችና እስክሪብቶውን እጁ ላይ አኖረችለት።

"ታዲያ ምን ታፈጥብኛለህ? ጻፈዋ!"