በገዛ እጄ የዘጋሁት መዝጊያ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን አናቱ ላይ አንድ ዛፍ ስላልነበረ «ራሰ በራው» እንለው ነበር። ትእዛዝ የደረሰን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እግረኛው ኮረብታውን ይይዛል፤ እኛ ከጀርባው ባለው ሸለቆ ጥይት አራግፈን፣ ቁስለኛ ጭነን እንመለሳለን። እኔ የአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ማዕረጌ አሥር አለቃ፣ ዕድሜዬ ሃያ አራት።

ረዳቴ አደሎ ይባላል፤ የካፋ አገር፣ የዋጫ ልጅ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ካፋ፣ ቦንጋ ከተማ ነው፤ አያቶቼ በሹመት ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። አገር ቤት ብንሆን ገበያ ላይ ሰላም ሳንባባል ተላልፈን የምንሄድ ሰዎች ነበርን። ጦር ሜዳ ግን በአንድ ብርድ ልብስ ተኛን። የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን ሊያስተምረኝ ብዙ ደክሞ ተስፋ ቆርጦ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ እንደ መኪናህ ነው፤ ይዞራል እንጂ አይነሣም» እያለ ይስቅብኛል።

መኪናዋ አመል ነበራት። ከነዳጅ ጋኑ፣ ከሳልባትዮው፣ ወደ ሞተሩ ናፍጣ የሚወስደው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል። መለዋወጫ ጠይቀን አልመጣልንም። ስለዚህ በቆምን ቁጥር ከሥር ገብቼ የናፍጣውን መዝጊያ እዘጋለሁ፤ ስንነሣ እከፍታለሁ። ያን ቀን ጠዋትም ሸለቆው ውስጥ እንደቆምን ገብቼ ዘጋሁት።

አምስት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝን። ስድስት ሰዓት ላይ ተነጠቅን። ሰባት ሰዓት ላይ ቁስለኛ በቃሬዛ መውረድ ጀመረ። አደሎ ቃሬዛ ሊሸከም ወጥቶ ራሱ በቃሬዛ ተመለሰ። የሞርታር ፍንጣሪ ሆዱን አግኝቶት ነበር። አሥራ አንድ ሰው ጫንን። የሕክምና ጣቢያው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መቶ አለቃው የበሩን ቆርቆሮ በመዳፉ መታና «ንዳ!» አለኝ።

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሣች። ሃያ ሜትር ያህል ሄዳ ጠፋች።

ደግሜ አዞርኩ። ሞተሩ ይዞራል፤ አይነሣም። ማስነሻ ሞተሪኖውም ባትሪውም ደህና ናቸው ማለት ነው። በጭስ መውጫው በኩል ምንም ጭስ የለም፤ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ጥሩ ሾፌር ነበርኩ። ግን አንዴ ተነሥታ ስለነበር መንገዱ ክፍት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሃያ ሜትር ያስኬደን ቧንቧው ውስጥ የቀረው ናፍጣ መሆኑን አላሰብኩም። አቧራ ደፍኖታል ብዬ ፊልትሮውን ፈታሁ፤ አጥቤ መለስኩት። ናፍጣ ለመሳብ በእጅ ፖምፓው ገፋሁ፤ ባዶ ነው። በዚህ መሀል ሞርታሩ ሸለቆውን መፈለግ ጀመረ። አንዱ ከኋላችን ወደቀ። ሌላው ከፊታችን።

አደሎ ከመኪናዋ የጭነት ጣውላ ላይ ተኝቶ የማደርገውን ሁሉ በጆሮው ይከታተል ነበር።

«ሲሳይ» አለኝ። «መዝጊያውን ከፍተሃል?»

«ከፍቻለሁ» አልኩት።

ሳላይ ነው ያልኩት። ሁልጊዜ ስለምከፍተው የከፈትኩት መስሎኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ተናድጄ ነበር፤ ረዳት ሆኖ ሾፌሩን በሰው ፊት ይጠይቃል ብዬ።

«እንግዲያው ሌላ ነገር ነው» አለ። አመነኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች አላላሁ። ፊልትሮውን እንደገና ፈታሁ። መቶ አለቃው ይጮህብኛል፣ ከላይ አንዱ ውሃ ይለምናል። አርባ ደቂቃ እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ከመኪናዋ ሥር ስገባ የመዝጊያው እጀታ ጋደም ብሎ አየሁት። እጀታው ሲጋደም ዝግ ነው። ከፈትኩት፤ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር አስወጣሁ፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች። ምን ሆና እንደነበር ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ጣቢያው ስንደርስ ከአሥራ አንዱ ሰባቱን ከነነፍሳቸው አወረድን። ሐኪሙ በአደሎ አንገት ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ገና ሙቅ ነው» አለ። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ሳይጨርሰው ወደሚቀጥለው ቁስለኛ ሄደ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጫ ሄጄ ለታላቅ እህቱ ለእትዬ አስቴር አረዳኋት። «ወዲያው ነው ያረፈው፤ አልተሠቃየም» አልኳት። እጄን ይዛ እያለቀሰች መረቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደዚያ ቤት አልሄድኩም። ቦንጋ ጋራዥ ከፍቼ፣ ዋጫ የአንድ ጠዋት መንገድ ሆኖ ሳለ፣ በደጇ በአውቶቡስ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞር ነበር።

በጋራዤ አንድ ልማድ አለኝ። መኪናው ይዞራል ግን አይነሣም ያለኝን ሰው መጀመሪያ «ከመቆሙ በፊት መጨረሻ የነካኸው ምንድነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። የሚመልስልኝን ግን አላምንም፤ ገብቼ በዓይኔ አያለሁ። ሾፌሮቹ «ጋሽ ሲሳይ ጸሎተ ሃይማኖትንም ፈትቶ ካላየ አያምንም» እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ።

ባለፈው ሐምሌ ስልክ ተደወለልኝ። የእትዬ አስቴር ልጅ ነው፤ ዋጫ መምህር ነው። «ጋሽ ሲሳይ፣ የእማዬ ፒክአፕ ሦስት ቀኑ ቆሟል። ይዞራል፣ አይነሣም። እዚህ ያላየው ሰው የለም። እርስዎን ጥራልኝ አለችኝ» አለኝ። አሞኛል ልለው አፌን ከፈትኩ። «እሺ፣ ነገ» የሚል ወጣኝ።

በዝናብ የሺሺንዳን ከተማ አልፌ ረፋዱ ላይ ደረስኩ። እትዬ አስቴር አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን የአደሎ ዓይን ነው። «አንተ ጠፊ! የወንድሜ ጓደኛ ሆነህ እንዲህ ይጨከናል?» ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። «መጀመሪያ መኪናውን ልይ» ብዬ ወደዚያው ሄድኩ።

«አስነሣው» አልኩት ልጁን። በደንብ ይዞራል። ጭስ የለም። የአንዱን ኖዝል ቧንቧ አላልቼ ደግሞ እንዲያዞር አደረግኩ፤ ጠብታ አልመጣም።

«መጨረሻ የነካችሁት ምንድነው?»

«ኧረ ምንም። ተነሥቶ እስከ አጥሩ በር ሄዶ ጠፋ።»

እስከ በሩ ሄዶ ጠፋ ሲለኝ ሌላ ነገር አልነካሁም። ጆንያ አንጥፌ ከሥሩ ገባሁ። የናፍጣው ቧንቧ ላይ የድሮው ባለቤት መኪናው እንዳይሰረቅ ብሎ ያስገባው መዝጊያ ነበር። እጀታው ጋደም ብሏል።

«ይሄን ማን ዘጋው?» አልኩ ከሥር ሆኜ።

እትዬ አስቴር አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ወይ ጉዴ! እኔ ነኝ። ናፍጣ ሲንጠባጠብ አይቼ፣ ልጁ እስኪመጣ ብዬ እጄን ሰድጄ ዘጋሁት። ሰዉን ሁሉ ሦስት ቀን ሳደክም!» ሳቀች። ልጇም ሳቀ። «በገዛ እጁ ዘግቶ የሚረሳ ጅል አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ወጥቼ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ኮረብታውን፣ አሥራ አንዱን፣ አርባ ደቂቃውን። ሳቋ ፊቷ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ጠፋ። ልጁ ከመሪው ጀርባ አልተነቃነቀም።

«ነፍሱን ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ያውቁ ነበር፣ እትዬ።» ከድንጋጤዬ የተነሣ ሟቹን ወጣት አንቱ አልኩት።

«ምን አለ?»

«መዝጊያውን ከፍተሃል ወይ አለኝ። ከፍቻለሁ አልኩት።»

«አመነህ?»

«አመነኝ።»

 ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ ተናገረች። «በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ‹ሳታሠቃየው ስለወሰድከው ተመስገን› ስል ኖርኩ። ያን ሁሉ ምስጋና አሁን የት ላድርገው?»

መፍቻዬን አነሣሁ።

«መኪናውን አስነሣና ሂድ» ብላ ወደ ቤት ገባች።

የሚያንጠባጥበውን መጋጠሚያ አጠበቅኩ፤ መዝጊያውን ከፈትኩ፤ አየሩን አስወጣሁ፤ ተነሣ። ልጇ እስከ መናኸሪያው ጃንጥላ ያዘልኝ።

ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ንገረን ሲሉኝ ስለ ጀግንነት የምነግራቸው ይመስላቸዋል። ጀግኖች አይቻለሁ፤ የእኔ ታሪክ ግን ይህ ነው። ያን ቀን ራሰ በራው ላይ ዘጠኝ ሰው ወደቀብን፤ መኪናዋ ላይ አራት። ሰነዱ ላይ አሥራ ሦስቱም በውጊያ የወደቁ ተብለዋል። እኔ አራቱን ለብቻ ነው የምቆጥራቸው። ምናልባት ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ቀድመንም ብንደርስ አይተርፉም ነበር። የትኞቹ እንደሆኑ ስለማላውቅ አራቱንም እይዛለሁ።

እትዬ አስቴር ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። ፒክአፑ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጇ ለገበያ ወደ ቦንጋ እየነዳው በጋራዤ በር ያልፋል። ሥራዬን አቁሜ አዳምጠዋለሁ። ድምፁ ደህና ነው።