በትንፋሽ የሚባለው አዎ

ልጅ እያለሁ ጥርሴን የታከምኩት መኪና ውስጥ ነው። ኮሎምበስ ከተማ፣ ሂልቶፕ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤታችን በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ፣ አውቶቡስ የሚያህል ነጭ መኪና ነበር፤ ጎኑ ላይ የሚስቅ ጥርስ ተስሎበታል። ለተማሪ በነፃ ነው የሚያክሙት። ሁለት ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ይቆምና ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ይሄዳል። በዚያ ዘመን እንደኔ በዲቪ ወላጆቻቸውን ተከትለው የመጡ ልጆች ሽታውን አይረሱትም፤ ቅርንፉድ፣ የጎማ ጓንትና የማስቲካ ሽታ አንድ ላይ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አገር ቤት ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ እዚህም በሁለት ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር አስቀመጡኝ። ከሁሉም ረጅም ስለነበርኩ ቦታዬ መጨረሻ ወንበር ላይ ነው። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተችው። ብሮድ ስትሪት ዳር ባለች አንዲት አፓርታማ ውስጥ እኔና አባዬ ብቻ እንኖር ነበር።

አባዬ የሚሠራው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጠዋት ማልዶ ይገባና እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱም ይደርሳል። ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ሽንኩርት መላጥ ይጀምራል፤ እየላጠም ያወራልኛል። እኔ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ በየመሀሉ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ እለዋለሁ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከንፈር ገርበብ ይልና አየር ሽው ብሎ ይገባል፣ በቃ። እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። አባዬም ይቀጥላል።

በዚያ ዓመት በስተቀኝ ያለው የታች መንጋጋዬ ተቦረቦረ። ውሃ ስጠጣ ዓይኔ እስኪያነባ ያመኛል። የወተት ጥርስ ቢሆን ባልከፋ፤ ይሄ ግን አንዴ ከተነቀለ የማይተካው ነው። የትምህርት ቤቱ ቅጽ ሲመጣ አባዬ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ እያንዳንዱን ቃል ፈትሾ ፈረመ። ከዚያ አስጠነቀቀኝ።

«ስሚ እሙዬ፣ እንዳታስቸግሪያቸው። የሚያስቸግር ልጅ ይመልሳሉ አሉ። መኪናው ከሄደ ሌላ ቦታ ልወስድሽ ነው፤ እኔን ደግሞ ኦፍ አይሰጡኝም። ከቆየ መንቀል ብቻ ነው የሚሆነው። ዝም ብለሽ አፍሽን ክፈቺ።»

«እሺ።»

«ቃል?»

ትንፋሼን ሳብኩ።

በማግስቱ ስሜ ተጠራ። ሐኪሟ ቀይ ፀጉር ያላት ወጣት ናት። ማደንዘዣውን ወጋችኝ፣ ጉንጬን በጥጥ ሞላችው፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፣ ጭንቅላትሽን እንዳታንቀሳቅሺ አለችኝ። እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን ፊደል በፊደል የምፈጽም ልጅ ነበርኩ። መሰርሰሪያውን አስጠግታ፣ «ኦኬ ነሽ? ልጀምር?» አለችኝ።

ትንፋሼን ሳብኩ።

እጇን ቶሎ መለሰች። ትንሽ ጠብቃ፣ ማደንዘዣ ጨምራ እንደገና ጠየቀችኝ። አዎ ማለት ፈልጌ አሁንም ሳብኩ፤ አሁንም እጇን መለሰች። ሦስተኛው ላይ ጭምብሏን ዝቅ አደረገችና ለረዳቷ፣ «ምስኪን፣ በጣም ፈርታለች። ዛሬ አይሆንም» አለቻት። ቅጼን ወደ ራሷ ስትስበው አየሁ። ልጮህ ፈለግሁ፤ ግን እንዳታስቸግሪ ተብያለሁ፤ ምላሴም ደንዝዟል፤ ያለችኝ እንግሊዝኛም የት እንደገባች አላውቅም።

በሩ አጠገብ ተራዋን የምትጠብቅ ቤቲ የምትባል የክፍላችን ልጅ ነበረች። ወላጆቿ አበሾች ናቸው፤ እሷ እዚሁ ኮሎምበስ ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች፣ ግን ለእኔ አንድም ቀን መልሳልኝ አታውቅም። እግሯን እያወዛወዘች በሳቅ ፈረሰች።

«ሺ ሚንስ የስ! ዛትስ ሃው ዘይ ሴይ ኢት!» አዎ እያለችሽ ነው፣ እነሱ እንዲህ ነው የሚሉት ማለቷ ነው።

ሐኪሟ ዞር ብላ አየችኝ። በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ። እሷም ሳቀች፤ ቅጹን መልሳ አስቀመጠችና ጥርሴን ሞላችው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ጥርሴ ዳነ። ልቤ ግን «ዘይ» ላይ ቀረ። በዚያው ሳምንት በተውላጠ ስም ፈተና ሙሉ ውጤት አግኝቻለሁ፤ «እኛ» እና «እነሱ» አይምታቱብኝም። ቤቲን ደግሞ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ከእናቷ ጋር አይቻታለሁ፤ እናቷ ስታናግራት እሷም ትንፋሿን ትስባለች።

ጥርሴ በተሞላበት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው ተዳርሶ ነበር። ወተቴን ይዤ ሳልፍ አንዱ «ሄይ፣ ወተት ትፈልጊያለሽ?» ይላል፤ ሌሎቹ ውሃ ውስጥ እንደሰመጠ ሰው «ሁህ!» እያሉ አየር ይስባሉ። ቤቲም አብራ። እኔም በደነዘዘ ከንፈሬ አብሬ ሳቅሁ።

«እህስ፣ ሞሉልሽ?» አለኝ አባዬ ገና በሩን እንደከፈተ።

«አዎ» አልኩት፤ በድምፅ።

መስኮቱ ጋ ወስዶ አፌን አስከፍቶ አየና ግንባሬን ሳመኝ። ደስ ብሎት ነበር። ሽንኩርቱን ይዞ ከናዝሬት ድሬዳዋ በባቡር ስለሄደበት ቀን ማውራት ጀመረ። ባቡሩ አዋሽ ላይ እንደቆመ እሱም ቆመ።

«እየሰማሽኝ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

ትንሽ ሄደና ደግሞ፣ «ደከመሽ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ እየሰማሁህ ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «በይ አጥኚ፣ አልረብሽሽ» አለኝ።

ትንፋሽ መሳቡን ለምን እንደተውኩት አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ድንገት ከአፌ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቤትም ተውኩት፤ የእሱም ወሬ እያደር እያጠረ ሄደ። በክረምቱ ሽንኩርት ሲልጥ ሬዲዮ መክፈት ጀመረ።

አሁን የምሠራው አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የጥርስ መኪና ወደዚህም ይመጣል። ልጆቹ ጣሪያው ላይ በተገጠመ ቴሌቪዥን ፊልም እያዩ ይታከማሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ ይቀርብላቸዋል። ቅጹም በአማርኛ ይታተማል፤ የፊደል ግድፈቱን በእርሳስ አርሜ መልሼላቸዋለሁ። የኔም መንጋጋ ዛሬም በቦታው ነው። አፐር አርሊንግተን የሚባለው ሰፈር ያለው የጥርስ ሐኪሜ ባየው ቁጥር ማን እንደሞላው ይጠይቀኛል፤ ሥራው ያምራል ይላል።

አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ሲያወራልኝ የነበረውን ሁሉ ልጽፍ ብዬ ደብተር ገዛሁ። ለብዙ ቅዳሜዎች፣ ሰዎቹንም ቦታዎቹንም እያስታወስኩ በጥንቃቄ ጻፍኩ። ጥርሴ ከተሞላበት ዓመት ወዲህ ካወራልኝ ወሬዎች አንዳቸውም መጨረሻ የላቸውም።