ለአንዲት ሻጭ የተተወ ቦታ

ነቀምቴ ውስጥ የአንድ መናፈሻን የውጭ ግንብ አጥር ዳር እስከ ዳር እንድሥል በተጠራሁ ጊዜ፣ ከሥራው ይልቅ ልቤን የሰቀሉት አጥሩን ተደግፈው በቆሎ እየጠበሱ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ነበሩ።

ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ “አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ”፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ይሉኛል። ደህና ማደሬን በቅጡ ሳይሰሙ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ “ሥዕሉ ታች እስከ የት ይወርዳል?” ብለው ይጠይቁኛል። የሌላው አላፊ አግዳሚ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የተሣለው ፈረስ የማን ነው፣ ያቺ ልጅ የእንትና ልጅ አይደለችም ወይ። ሰው ሁሉ ላይ ላዩን ሲያይ እሳቸውን የታቹ ምን አስጨነቃቸው? እኔ ደግሞ አንድ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የለኝም። አኖ ከተማ ሳድግ እናቴ “ይቺ ልጅ ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት እሳት ትገባለች” ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ አባሮኝ እሳቸው ላስቲክ ሥር ተጠለልኩ። ትኩስ እሸት ሰጡኝ።

“አዴ፣ ሁልጊዜ ስለ ታቹ ለምንድነው የሚጠይቁኝ?” አልኳቸው፣ እንደ እናት ጠርቼ።

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” አሉ ከሰሉን እያራገቡ። “ሥዕሉ እስከ መሬት ከወረደ እኔ እከልለዋለሁ። ከከለልኩት ተነሺ እባላለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚህ ተቀምጬ ነው፤ ደንበኛ የሚያውቀኝ እዚህ ነው። ወዴት እሄዳለሁ?”

ዝናቡ ሲያባራ መንገዱን ተሻግሬ ግድግዳውን ከማዶ አየሁት፤ ትልቅ ሥዕል አጠገቡ ቆመው ቢያዩት ምኑም አይያዝም። ንድፉ የገበያ ቀን ነበር። እሳቸው በሚቀመጡበት ቦታ አንዲት ሻጭ ልሥል አስቤ ነበር፤ ተውኳት። ቦታውን በልካቸው ባዶ አድርጌ፣ ገዢዎቹን ወደዚያው ጎንበስ ብለው እጃቸውን እንዲዘረጉ አደረግኳቸው። ሴትዮዋ ሲቀመጡ ገበያው ይሞላል፤ ሲነሡ ገዢዎቹ ከአየር ጋር ይከራከራሉ።

“እንግዲህ ያለ እርስዎ ሥዕሉ ጎዶሎ ነው፤ እስቲ ማን ያነሣዎታል?” አልኳቸው፣ በራሴ ብልጠት ደስ ብሎኝ። እየሳቁ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በምረቃው ቀን የመናፈሻው ኃላፊዎች ሐሳቡን ወደዱት። ሴትዮዋን መሐል አስቀምጠው ፎቶ ተነሡ። እኔም በማግስቱ ለሌላ ሥራ ወደ ጊምቢ ሄድኩ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ገበያቸው እንዴት እንደሆነ ለማየት ጓጉቼ ተመለስኩ። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንዲት ሴት ተሥላለች። የኔ እጅ አይደለም። ወጣት ናት፣ ጸጉሯን ተሠርታለች፣ በቆሎ ይዛ ትስቃለች። ሰው ስጠይቅ፣ ለካ ኃላፊዎቹ ሴትዮዋን ካስነሡ በኋላ ሥዕሉ ጎዶሎ ሆኖ ስለታያቸው፣ ሌላ ሠዓሊ ጠርተው አስሞልተውታል።

ሴትዮዋን ከመንገዱ ማዶ፣ ቦይ ዳር አገኘኋቸው። ሰው በፊታቸው ያልፋል እንጂ አይቆምም።

“ይሄን ማን ፈቀደላቸው? አሁኑኑ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ” አልኩ።

“ተይ፣ ኢንታላ ኮ፣ ተቀመጪ” አሉኝ። ከዚያ የተሣለችውን ሴት በአገጫቸው አመለከቱኝ። “እዚህ ሆኜ ሳያት እውላለሁ። ቦታዬ ላይ ናት፣ ገዢ ከቧታል። እሷን ማንም ተነሺ አይላትም።”